ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? በ2.5 ሚሊዮን ብር የሚከራይ ቤት ለመጀመር

ሐይቅ_መንገድ (ጠያቂ)

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔና ወንድሜ አንድ ላይ 2.5 ሚሊዮን ብር አለን። የምንፈልገው ለኪራይ የሚሆን ቤት ነው፣ ልንኖርበት አይደለም። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን፣ ቤት ገዝተንም አሠርተንም አናውቅም። ደላላ ሁለት ነገር አሳይቶናል።

አንዱ ኮምቦልቻ ነው። 200 ካሬ የሊዝ ቦታ፣ መሠረቱ ወጥቶ የቆመ ጅምር። 1.6 ሚሊዮን ይላሉ። ሜዳ ነው፣ አፈሩ ጥቁር ነው።

ሌላው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ያለ ነባር ግቢ። ከፊት ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከኋላ አራት ሰርቪስ። 2.9 ሚሊዮን ተጠይቆበታል። አሁን በጠቅላላው በወር 17,000 ብር ይከራያል። የጎደለንን 400 ሺህ ከባንክ ለመበደር አስበናል።

የትኛው ይሻላል? «እንዳትሸወዱ» የሚለውን ምክር ጠግበናል። የት ሄደን ምን እንደምንጠይቅ፣ ቦታው ላይ ምን እንደምናይ ብትነግሩን ነው የምንፈልገው።

ካርታ_ፈታሽ

እህቴ፣ የትኛው ይሻላል የሚለውን ለጊዜው አቆዪው። ሁለቱም የወረቀት ችግር ሊኖርባቸው ይችላል፣ ዓይነቱ ግን ይለያያል።

ከኮምቦልቻው ልጀምር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዙት ግንባታውንና የመጠቀም መብቱን ነው። የሊዝ አዋጁ (721/2004) ደግሞ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ቦታ ላይ ጥብቅ ነው። ለቪላ ቤት ግማሽ ማለት መሠረቱ አልቆ የላይኛውን ቢም የሚሸከሙት ኮለኖች የቆሙበት ነው። የናንተው መሠረት ብቻ ስለሆነ ግማሽ አልደረሰም። እንዲህ ያለ ቦታ ሲተላለፍ ለሻጩ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ የከፈለው ሊዝ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ ከሚተላለፍበት የሊዝ ዋጋ ደግሞ 5 በመቶ። ስለዚህ 1.6 ሚሊዮኑ እንዳለ ተጽፎ ውል የሚፈጸምበት ዕድል ጠባብ ነው። ደላላው ሌላ መንገድ ይዞ ይመጣል፣ ጠብቁት።

መደረግ ያለበት ሻጩ በራሱ ወጪ ኮለኑን አውጥቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግማሽ መድረሱን አይቶ ካረጋገጠለት በኋላ መዋዋል ነው። ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ጅምር ፈልጉ።

ከዚያ በፊት ግን የሊዝ ውሉን ኮፒ ጠይቁና አራት ነገር አንብቡ፦ የተፈረመበት ቀን፣ ግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን፣ ቅድሚያ የተከፈለው መጠን፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ቀሪ። ለአነስተኛ ግንባታ ማጠናቀቂያው እስከ 24 ወር ነው። ቀኑ ካለፈ ከተማው ውሉን ሊያቋርጥ ስለሚችል የምትገዙት ጭቅጭቅ ይሆናል ማለት ነው። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለ ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀነስ፤ «እሱ ቀስ ብሎ የሚከፈል ነው» የሚባለው እናንተ ትከፍሉታላችሁ ማለት ነው።

የደሴው ነባር ይዞታ ነው፣ ማለት ቦታው የተያዘው በሊዝ አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው ለሻጩ እውነት ነው፣ ለናንተ ግን አይደለም። ቀብድ ሳትከፍሉ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በዚያ ሠፈር የሊዝ መነሻ ዋጋ በካሬ ስንት እንደሆነ፣ በቦታው ስፋት ሲሰላ በዓመት ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ።

ሌላው የባለቤትነት ሰንሰለቱ ነው።

ካርታው ላይ ያለው ስም የማን ነው? የሟች አባት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እዚያ ላይ የተዘረዘሩት ወራሾች በሙሉ ይፈርማሉ። አረብ ሀገር ያለች እህት «ተስማምታለች» ማለት አይበቃም፤ ውክልና ትላክ።

በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወረቀቱ «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ሊኖረው ይገባል። «ለማስተዳደር» የሚል ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት አያሸጥም። ከዚያ ውክልናውን የሰጠው ቢሮ ሄዳችሁ አለመሻሩን አረጋግጡ፤ የተሻረ ውክልና ኮፒው እጅ ላይ ስለሚቀር ከሚሠራው ለመለየት ያስቸግራል።

ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ግዴታ ነው። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ፣ ከተፋታ የንብረት ክፍፍል ውሳኔው ይቅረብ። ያለ ትዳር ጓደኛ ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ሽያጩ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ ይግለጽ። ደብዳቤው የወጣበትን ቀን እዩ። የሦስት ወር ደብዳቤ ዋጋ የለውም፣ እገዳ በአንድ ቀን ይገባልና ውል በምትፈርሙበት ሳምንት አዲስ አስወጡ።

የፕላን ነገርም አለ። ቦታው በከተማው ፕላን ላይ የመንገድ ክልል ወይም የወንዝ ዳር ክልል ውስጥ ገብቶ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ካርታው 250 ካሬ ብሎ መሬቱ 290 ከሆነ ትርፉ 40 ካሬ የማን እንደሆነ ይጣራ፤ ብዙ ጊዜ ሰርቪሶቹ የተሠሩት በዚያች ትርፍ ላይ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚህ «ፋይሉ በ2014ቱ ጦርነት ጠፍቷል» የሚል ሻጭ ያጋጥማል። ሊሆን ይችላል፣ ግን ያንን የሚናገረው ሻጩ ሳይሆን ቢሮው በማኅተም መሆን አለበት። ፋይሉ እስኪደራጅ ድረስ ደግሞ አንድ ብር አይወጣም።

ስለ ቀብድ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚባለው ቃል በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ በባንክ ይተላለፍ። ክፍያውን እንዲህ ብትከፋፍሉት እመርጣለሁ፦ 10 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ውሉ በውልና ማስረጃ ሲፈረም፣ 20 በመቶ ካርታው በስማችሁ ሲወጣ። በስም ካልተመዘገበ ባለቤትነቱ አልተላለፈም፤ ውል ይዞ መተኛት የለም።

ደላላው «ግብር ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይላል። አትስማሙ። ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያስመልስላችሁ የተጻፈውን ነው። ነገ ስትሸጡም በትርፉ ላይ 15 በመቶ ግብር አለ፣ መነሻው ዝቅ ያለ ከሆነ ያልነበረ ትርፍ ይታሰብባችኋል።

ቦርከና_ግንበኛ

ወረቀቱን ካርታ ፈታሽ ጨርሶታል። እኔ ስለ መሬቱ ልናገር፤ እዚህ አካባቢ ቤት የሚያፈርሰው ከላይ ያለው ሳይሆን ከታች ያለው ነው።

*ኮምቦልቻ፣ ጥቁር አፈር።* ዋልካ ነው የምትሉት። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱን በዓመት ሁለቴ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ግድግዳ ላይ የሚታየው ምልክት ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ ብሎኬቱን እንደ ደረጃ እየተከተለ ይወጣል። ጎረቤት ያሉትን ቤቶች ዙሩና ጥጋቸውን እዩ። አምስት ቤት ላይ ይህ ካለ የናንተም ዕጣ ያው ነው።

የቆመው መሠረት እንዴት እንደተሠራ ሳታውቁ አትግዙት። ሻጩ «ድንጋይ ነው፣ ጠንካራ ነው» ይላል። ጥያቄው ድንጋዩ ምን ላይ ተቀመጠ የሚል ነው። ከመሠረቱ ጎን አንድ ቦታ አስቆፍሩ፤ ሁለት የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። መሠረቱ ከመሬት በታች ስንት ሜትር እንደወረደ ለኩ። ዋልካ ላይ 60 ሴንቲ ወርዶ የቆመ መሠረት ካገኛችሁ ለሱ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ያለሱ ባዶ ቦታ ይሻላል፤ ማፍረሱም ወጪ ነው። ቢያንስ 1.5 ሜትር ወርዶ፣ ወይም ዋልካው ተጠርጎ በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) ተተክቶ በየ20 ሴንቲው ውሃ እየጠጣ የተጠቀጠቀ መሆን አለበት። ዋልካው ጥልቅ ከሆነና ታች ጠንካራ መሬት ካልተገኘ መሃንዲስ ሳያይ አንድ ድንጋይ እንዳይቀመጥ።

ከተሠራም በኋላ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይፈሰስ፣ የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ይሰብሰብ። ባሕር ዛፍ ግድግዳ ሥር አትትከሉ፤ ውሃውን ይስብና አፈሩን አድርቆ ያሰነጥቀዋል። የሽንት ቤት ጉድጓድም ከመሠረቱ ይራቅ። ዋልካ ላይ ያለ ጉድጓድ ውሃ ስለማያሰርግ ቶሎ ይሞላል፣ ለኪራይ ግቢ ትልቁን የማስመጠጥ ወጪ የሚያመጣው ይሄ ነው። ወደ ቦርከና ወንዝ ከቀረበ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ አጥር ላይ ያለውን የደለል መስመር ተመልከቱ።

*ደሴ፣ ተዳፋት።* እዚህ ጠላቱ መንሸራተት ነው። ደሴ ላይ መሬት መንሸራተት አዲስ አይደለም። ከጦሳ የሚወርደው ውሃ ልል አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ከሥር ያለሰልሰዋል። ጋራውን ቆርጠው ሜዳ ያበጁ ግቢዎች ደግሞ ከላይ ያለውን ደጋፊ ያሳጡታል። ምልክቶቹ፦ ወደ ታች ያዘነበለ የመብራት ምሰሶና አጥር፣ ከታች ጎንበስ ብሎ ከላይ የቀና የዛፍ ግንድ፣ ግቢው ውስጥ ወይም ከግቢው በላይ ያለ ቅስት የሠራ ስንጥቅ፣ በክረምት ብቻ የሚፈልቅ ምንጭ። ቅስት ስንጥቅ ካያችሁ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተዉት።

ድጋፍ ግንብ ካለ ሆዱን እዩ። ወደ ውጭ ከነፋ አፈሩ እየገፋው ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? ከሌለው ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና ይጥለዋል። አዲስ የሚሠራ ከሆነ ለ3 ሜትር ከፍታ የድንጋይ ግንብ የታችኛው ስፋት ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ቀዳዳው በየ1.5 ሜትሩ፣ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላ። አንድ ሌላ ነገር፦ ከላይ ያለው ጎረቤት ድጋፍ ግንቡ ከወደቀ የሚወርደው እናንተ ላይ ነው፣ ስለዚህ የሱንም እዩ።

ጭቃ ቤቱን ለመፈተሽ መፍቻ ወይም ወፍራም ሚስማር ይዛችሁ ሂዱ። ቋሚዎቹ ከመሬት ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ልስኑን ትንሽ ፈቅፍቃችሁ እንጨቱን ውጉት። እንደ ቅቤ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ጨርሶታል፤ ቤቱ የቆመው በልስኑና በቆርቆሮው ነው። ከአልጋ ጀርባና ከቁምሳጥን ጀርባም እዩ። የደሴ ብርድና ጉም ሰሜን ግድግዳ ላይ እርጥበት ያሳድራል፣ ሻጮች ለመሸጥ ሲሉ ቀለም ይቀቡበታል። አዲስ ቀለም በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ካለ እሱ ግድግዳ ላይ እጅሽን አሳርፊበት።

ለመሥራት ብታስቡ ግምት እንዲኖራችሁ፦ በአንድ ረድፍ 4 ክፍል፣ እያንዳንዱ 3.5 በ4 ሜትር፣ ከፍታ 2.8። ረጅሙ ግድግዳ ሁለቱም 28 ሜትር፣ አምስቱ ማከፋፈያ 20 ሜትር፣ ጠቅላላ 48 ሜትር። በከፍታው ሲባዛ ወደ 134 ካሬ፣ የበርና የመስኮቱ ወደ 13 ሲቀነስ 121 ካሬ። በካሬ 12.5 ብሎኬት ነው፣ ስብርባሪውን ጨምሮ 1,600 ብሎኬት ያዙ። ብሎኬቱ ሲገዛ ከትከሻ ከፍታ አፈር ላይ ጣሉት፤ ከተፈረካከሰ መልሱት። በሚስማር ሲቧጠጥ እንደ ዱቄት የሚረግፍም አይሆንም። ሲሚንቶ ሲወደድ ያልጠነከረ ብሎኬት ገበያውን ይሞላዋል።

ቢያንስ በየማዕዘኑና በየመገናኛው ኮለን፣ ከላይ ዙሪያውን ቢም አይቅር። አራት ባለ 12 ሚሊ ፌሮ፣ እስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በየ15 ሴንቲ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ በየ10። ብዙ ግንበኛ «ለአንድ ፎቅ ምን ይሠራል» ይላል። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። ኮንክሪቱ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ይሁን፤ በአካፋ መቁጠር የሚባለውን አትቀበሉ። ውሃ ሲበዛ ለመቀላቀል ይመቻል፣ ጥንካሬውን ግን ይገድለዋል። ከፈሰሰ በኋላ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ሒሳብ_ይቅደም

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን ብድሩ ላይ ነው የምቆመው።

የደሴውን ቤት እናስላው። ኪራይ በዓመት 204,000። አንድ ወር ባዶ ቢያልፍ 17,000 ይቀነስ። ጭቃ ቤት በየዓመቱ ልስን፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ቧንቧ ይላል፤ 40,000 ያዙለት። ለግብር፣ ለሊዝና ለልዩ ልዩ 20,000 እንበል (የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ ትክክለኛውን ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ አስልታችሁ ተኩት)። የሚተርፈው 127,000 ነው።

የወጣው 2.9 ሚሊዮን ብቻ አይደለም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ 58,000 ነው። የስም ማዛወሪያ፣ የደላላ፣ የመጀመሪያ ዕድሳት ሲጨመር 3.05 ሚሊዮን እንበለው። 127,000 ለ3.05 ሚሊዮን 4.2 በመቶ ማለት ነው። ይሄው ገንዘብ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢቀመጥ በዓመት 213,500 ይወልዳል።

አሁን ብድሩን አስገቡ። ለምሳሌ በ17 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ቢሆን ለ400 ሺህ በወር 6,150 ብር ገደማ፣ በዓመት ወደ 74,000 ነው። ከተረፈው ላይ ከግማሽ በላይ ወሰደው። ግቢው በሙሉ ባዶ በሚሆንበት ወር ደግሞ የብድሩን ክፍያ ከደመወዛችሁ ትከፍላላችሁ።

ባንኩም የሚያበድረው በተስማማችሁበት ዋጋ ሳይሆን የራሱ መሃንዲስ በገመተው ላይ ነው። ጭቃ ቤት ሲሆን ግምቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቀብድ ከፍላችሁ «ባንኩ 400 ይሰጠናል» ብላችሁ ከጠበቃችሁ በኋላ 200 ቢላችሁ ቀብዱ ሄደ። ብድር ግድ ከሆነ ግምቱ ይቅደም፣ ቀብዱ ይከተል፤ ወይም ቀብድ ውሉ ላይ «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ።

እንግዲህ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? የዋጋ ንረት ስላለና የቤት ዋጋ አብሮ ስለሚጨምር ነው። ያ ግን ትርፍ የሚሆነው ስትሸጡ ብቻ ነው፣ በየወሩ ብድር አይከፍልም። የኔ ሐሳብ፦ ያለ ብድር፣ ከ2.5 ሚሊዮኑ ቢያንስ 300 ሺህ ለመጠባበቂያ አስቀርታችሁ፣ ከ2 ሚሊዮን በታች የሆነ ነገር ፈልጉ።

ኮምቦልቻ_ልጅ

ኮምቦልቻን እየተዋችሁት ነው እንዴ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ። ተከራይ የሚሞላበት ከተማ ነው። ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ያላከራየ የለም።

ሒሳብ_ይቅደም

ትክክል፣ ግን ተከራዩ ማን እንደሆነ ለዩት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ የሚያድረው ዶርም ነው፤ ተከራያችሁ የሚሆነው መምህሩና ሠራተኛው ነው። የፓርክ ሠራተኛ ደግሞ ክፍል የሚከራየው ለሦስትና ለአራት ሆኖ ነው። ፋብሪካው ሲቀንስ ሠፈሩ በአንድ ወር ባዶ ይሆናል። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ) ስታስወጣ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፓርኮች ላይ የመጣውን አስታውሱ። ደሴ የዞን ከተማ ስለሆነ ተከራዩ የተሰባጠረ ነው፦ ሆስፒታል፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ንግድ። ኪራዩ ባይበልጥም ይረጋጋል። ኮምቦልቻ ላይ ከሠራችሁ ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ የሚሆን ጠባብ ክፍል ሳይሆን አንድ ቤተሰብ የሚገባበት ባለ ሁለት ክፍልም አካትቱ።

ሐይቅ_መንገድ (ጠያቂ)

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። ካርታ ፈታሽ፣ የተናገርከው ደረሰ። ስለ ኮምቦልቻው ደላላውን ስጠይቀው «ለጊዜው ሻጩ 1.6 ሚሊዮን እንደተበደረ አድርገን የብድር ውል እንጻፍ፣ ግንባታው ግማሽ ሲደርስ ወደ ሽያጭ እንቀይረዋለን» አለኝ። ውክልናም ይሰጣችኋል አለ። ይሄ ያስኬዳል?

ካርታ_ፈታሽ

አያስኬድም። የብድር ውሉ የሚሰጣችሁ ገንዘብ የመጠየቅ መብት እንጂ ቤት አይደለም። ቦታው ዋጋ ቢያወጣ ሻጩ 1.6 ሚሊዮኑን ይመልስላችኋል፣ እናንተ ያወጣችሁበትን ግንባታ ደግሞ ተከራከሩ ይላችኋል። ዋጋው ቢወርድ ቦታውን ትቶላችሁ ይሄዳል። ውክልናውን ነገ ሊሽረው ይችላል፣ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል። ወራሾቹ «አባታችን ተበድሯል እንጂ አልሸጠም» ቢሉ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለነሱ ነው። ሽያጭን በብድር መሸፈኑ ከታወቀም ፍርድ ቤት ሁለቱንም ሊያፈርስ ይችላል።

ጢጣ_አከራይ

አከራይነቱ ላይ ማንም አልተናገረም፤ ኪራይ ማለት ግን ገዝቶ መተኛት አይደለም።

ቆጣሪ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲበዛ በእርከን ይጨምራል። ሰባት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ከፍተኛው እርከን ላይ ይገባል፣ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ከሚከፍለው በላይ ይመጣል። ከዚያ ምጣድ የሚጠቀመውና የማይጠቀመው ይጣላሉ። በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ግጠሙ። የምጣድ መስመር ለብቻው በወፍራም ሽቦ ይዘርጋ፤ በቀጭኑ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ምጣድ የሚሰካበት ሰርቪስ የእሳት አደጋ ነው። ውሃም እንዲሁ በእርከን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ግቢ ተከራይ ይሸሸዋል።

ሽንት ቤት። ለሰባት ክፍል አንድ ሽንት ቤት አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት። የደሴውን ግቢ ስታዩ ጉድጓዱን አስከፍታችሁ እዩ። ክዳኑ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖበት መክፈቻ ከሌለው የሚመጠጥበት ቀዳዳ የለም ማለት ነው። መኪናው ግቢው ድረስ ይገባል ወይ የሚለውንም አስቡ፤ ተዳፋት ላይ ያሉ ብዙ ግቢዎች መንገዳቸው ጠባብ ነው፣ ቱቦው አይደርስም።

ውል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል አይቻልም፣ ኪራይ መጨመርም እንደፈለጉ አይደለም። በከተማችሁ በምን ደረጃ እየተሠራበት እንደሆነ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ለናንተ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ደላላው «ስትገዙ ነባር ተከራዮቹን ታስወጡና በእጥፍ ታከራያላችሁ» ካለ ሒሳባችሁን በሱ ላይ አትሥሩ። ያሉትን ተከራዮች ውል ከሻጩ ተቀበሉ፣ ቅድሚያ የከፈሉት ካለ ከዋጋው ይቀነስ። 17,000ውንም ከሻጩ አፍ አትውሰዱ። ተከራዮቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። ለመሸጥ ሲባል ዘመድ በወረቀት ላይ በ4,000 የሚከራይበት ክፍል አይጠፋም።

ተከራይ ስታስገቡ የቤቱን ሁኔታ በውሉ ጀርባ ጻፉ፦ ስንት ቁልፍ፣ ስንት አምፖል፣ የመስኮት መስታወት፣ የቆጣሪ ንባብ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሲወጣ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ግማሹን ይቀንሳል።

ሐይቅ_መንገድ (ጠያቂ)

የኮምቦልቻውን ትተናል። የደሴውንም በ2.9 አንችልም። ሻጩ ካልቀነሰ ያለ ብድር የሚገዛ ሌላ ጅምር እንፈልጋለን፣ ኮለኑ የወጣ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለቦርከና ግንበኛ፦ አሁን በጋ ነው፣ የመንሸራተቱንም የእርጥበቱንም ነገር ያለ ክረምት እንዴት እናውቃለን?

ቦርከና_ግንበኛ

ለዋልካ በጋ ይሻላል። የካቲትና መጋቢት ላይ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ዋልካ ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ከቦታው አንድ ጥግ 2 ሜትር አስቆፍሩና ቀለሙ የት ላይ እንደሚቀየር እዩ፤ ጥቁሩ አልቆ ቡናማ ወይም ድንጋያማ የሚጀምርበትን ጥልቀት ጻፉት፣ መሠረታችሁ የሚወርደው እዚያ ድረስ ነው።

ለደሴው ክረምትን መጠበቅ ካልተቻለ ከሻጩ ይልቅ ከታች ያለውን ጎረቤት ጠይቁ። ውሃ ወደሱ የሚወርድ ከሆነ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ግድግዳው ሥር ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካለ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው። በርና መስኮቱን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ፤ ሁለትና ሦስቱ ከላይ ጥግ ላይ እየተፋተጉ የሚዘጉ ከሆነ ቤቱ ተንቀሳቅሷል። ስንጥቅ ካለ ደግሞ በሁለቱ ጎኑ እርሳስ አስምሩበት፣ ቀኑንም ጻፉ። ከዚያም ውል እስክትፈርሙ ድረስ ያለችውን ጊዜ ተጠቅማችሁ በየሳምንቱ ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። ሁለት ሚሊ ከጨመረ መሃንዲስ ጥሩ።